ያልሞተው አባ ሰንጋ

በ1992 ዓ.ም. ሰኔ ወር ውስጥ ነው። ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በምትርቅ የገጠር መንደር፣ የእናቴ አባት ቦራ በሬ ከቀንበር ተፈትቶ ደጃፍ ሲደርስ ቆሞ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ክረምቱን አያቶቼ ዘንድ እንዳሳልፍ የተላክሁ የከተማ ልጅ። በሬው ጠዋት ደኅና አርሷል፤ ቀትር ላይ ደኅና ግጧል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ዓይኑ ፈጠጠ፤ ጎኑም እንደ አንጥረኛ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። ጎረቤት ተሰበሰበ።

«ወንድም ዓለም፣ ምን ትጠብቃለህ? ሳይበክት ባርከው እንጂ!» አላቸው አንዱ እኩያቸው።

አያቴ ጥቂት አመነቱ። «አባ ሰንጋ ቢሆንስ?» አሉ፤ ቃሉን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ማለቱ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ግን ማመንታታቸው ረጅም አልነበረም። በሬ ማለት ለጎጃም ገበሬ የጥማድ እኩሌታ ነው። የቀረው አንዱ በሬ ብቻውን ሞፈር አይጎትትም፤ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጆ መግባት ሊመጣ ነው፤ ያውም እርሻው በተፋፋመበት በሰኔ። ሥጋው በቅርጫ ቢከፋፈል ግን ቢያንስ የወይፈን መግዣ መነሻ ይሆናል። ቢላዋው ተሳለ።

ደሙ ጠቆር ያለ ነበር፤ እንደ ወትሮው አልረጋም። ያም ሆኖ ሥጋው ተመደበ፤ ተወሰደም። በአራተኛው ቀን ቆዳውን የገፈፈው አጎቴ ክንዱ ላይ እንደ ትንኝ ንክሻ ያለ ነገር ወጣበት፤ ያሳክከዋል እንጂ አያመውም። ሰነባብቶ መሐሉ ጠቆረ፣ ዙሪያው አበጠ። ከተማ ወስደውት የጤና ባለሙያው ገና ሲያየው «ሰሞኑን የታመመ ከብት ገፈሃል?» ብሎ ጠየቀው። ፔኒሲሊን ተወጋ፤ ዳነ። ጠባሳው ግን ዛሬም አለ። አያቴ በሬው የታረደበትን ቦታ በእሾህ አጠሩት። «ደም የጠጣ መሬት ነው፤ ከብት አይድረስበት» ከማለት በቀር ምክንያት አልሰጡም።

እኔ ግን ጥያቄው አብሮኝ አደገ። ደሙ ደረቀ፤ ዝናብ አጠበው፤ በዚያ መሬት ውስጥ ታዲያ ምን ቀረ? መልሱን ስፈልግ መጀመሪያ ያገኘሁት ስለ አንድ ሌላ በሽታ ነው። በእርሱ ልጀምር።

ስሙ ደስታ፣ ግብሩ ሞት

አገራችን ካየቻቸው የከብት መቅሠፍቶች ሁሉ የከፋው፣ ሰሚ እስኪገርመው ድረስ፣ በአማርኛ «ደስታ» ይባላል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጣልያኖች ለሠራዊታቸው ቀለብ ከባሕር ማዶ በምጽዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች መጣ። ከዚያ በኋላ የሆነው «ክፉ ቀን» በሚል ስም በታሪካችን ተመዝግቧል። ከመቶው ከብት ዘጠናው እንዳለቀ ጸሐፍት ይናገራሉ። በሬ ያጣ ገበሬ እንደምን ይረስ? ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተጨምሮበት እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ አገሩን ረኀብ ፈጀው። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን የሞከሩት በዚህ ዘመን ነው።

ጎጃም በዚያ ወቅት የተመታችው በአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ መናገሻቸው ደብረ ማርቆስ፣ በጥር 1880 ዓ.ም. ሳር ውኃ ላይ በደርቡሾች ድል ሆነዋል። በ1881 ዓ.ም. ደግሞ ከምኒልክ ጋር ተማክረውብኛል ያሉት አፄ ዮሐንስ ጎጃምን በጦር ወርረው አገሩን አጠፉት። ጦር የዘረፈውን ከብት በሽታው ጨረሰው ማለት ነው።

ታዲያ ያ ያን ያህል የተፈራው ደስታ ዛሬ የት አለ? የትም የለም። ይህ ማጋነን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ ዋልተር ፕሎራይት የተባለው እንግሊዛዊ ኬንያ ውስጥ አስተማማኝ ክትባት ሠራ። በኋላም ሙቀት የሚችል ዓይነት ተገኝቶ፣ አፋር ምድር ድረስ በአርብቶ አደሮቹ እጅ ሳይቀር ከብቱ ተከተበ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1995 እዚያው አፋር ውስጥ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ገጽ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ መሆኑ ነው።

ሊጠፋ የቻለበት ምክንያት ግልጽ ነው። የደስታ ቫይረስ ከከብት ገላ ውጭ ሲወጣ ወዲያው የሚሞት ደካማ ፍጥረት ነው። የሚያድርበት ከብት ሁሉ ከተከተበ መሸሻ የለውም።

አባ ሰንጋ ግን አገር ምድሩን አስርቦ አያውቅም። እዚህ አንድ በሬ፣ እዚያ ሁለት ላም እያለ ነው የሚኖረው። ስሙን ስሰማ የድሮ ጀግኖች የፈረስ ስም ይመስለኛል፤ አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው እንደሚባለው። ደግሞም እንደ ጀግና ምሽግ አለው። ታላቁ መቅሠፍት ጠፍቶ ትንሹ የቀረው በዚህ ምሽግ ምክንያት ነው።

የወልሽታይኑ ሐኪም

ምሽጉን መጀመሪያ ያየው ሮበርት ኮኽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ፣ ዛሬ በፖላንድ ግዛት በሚገኘው በወልሽታይን፣ የወረዳ ሐኪም ነበር። በአካባቢው አባ ሰንጋ በግና ከብት ይፈጃል። ኮኽ ከሕመምተኞቹ በተረፈው ሰዓት፣ በዚያው በቤቱ፣ የበሽታውን ደም በእንጨት ስንጣሪ እየነከረ አይጥ ይወጋል፤ ተሕዋስያኑንም ከከብት ዓይን በቀዳው ፈሳሽ ውስጥ እያሳደገ በማይክሮስኮፕ ይከታተላል። በትር መሳዮቹ ተሕዋስያን እንደ ክር ረዘሙ። ቀጥሎም በክሩ ውስጥ እንደ ዶቃ የተደረደሩ የሚያበሩ ነጠብጣቦች ብቅ አሉ። ክሩ ሲፈርስ ዶቃዎቹ ቀሩ። አድርቆ አስቀመጣቸው፤ ምግብ ሲሰጣቸው እንደገና በትር ሆኑ። ሐኪሙ ይህን ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1876 አሳተመ።

እነዚህ ዶቃዎች ስፖር ይባላሉ። ተሕዋሱ ክፉ ዘመን ሲመጣበት ራሱን አድርቆ፣ በሩን ዘግቶ፣ ደግ ዘመን የሚጠብቅበት ጎተራ ነው ማለት ይቻላል። የፈላ ውኃን እንኳ ለደቂቃዎች ይቋቋማል። በመሬት ውስጥ ደግሞ ለዐሥርት ዓመታት ይቆያል።

ከኮኽ ጥቂት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር፣ በአገሩ ገበሬዎች «የተረገመ መስክ» የሚሏቸውን ቦታዎች መረመረ። በጎች እዚያ በጋጡ ቁጥር ይሞታሉ። ፓስተር በአባ ሰንጋ የሞቱ እንስሳት ከተቀበሩበት አፈር ላይ የምድር ትሎችን ሰብስቦ ቢያይ፣ ስፖሩን ከመቃብሩ ወደ ላይ ይዘው ሲወጡ አገኛቸው። እርግማኑ ስፖር ኖሯል! በእሾህ የታጠረው የአያቴ ጥግ ትዝ ያለኝ ይህን ሳነብ ነው።

ይሁን እንጂ ኮኽም ፓስተርም ያልመለሱት አንድ ጥያቄ ነበር። ይህ በዓይን የማይታይ ጎተራ ይህን ሁሉ የሚችለው በምን ኃይል ነው?

ካልሲየም የጨበጠ ጉጠት

መልሱ ለመምጣት ከሰባ ዓመት በላይ ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1953 ጆአን ፓውል የተባለች እንግሊዛዊት የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ፣ የአባ ሰንጋ ዘመድ ከሆነ ከማይጎዳ ባክቴሪያ ስፖር ውስጥ ዲፒኮሊኒክ አሲድ የሚባል ውህድ ለይታ አወጣች። በበትሩ ውስጥ የለም፤ በስፖሩ ውስጥ ግን ከደረቁ ክብደት ከመቶ ከአምስት እስከ ዐሥራ አምስት እጅ የሚደርሰው እርሱ ነው።

ስሙ አንባቢን አያስደንግጥ፤ ቤተ ዘመዱን እናውቀዋለን። ቡና ሲቆላ ከሚነሣው ጢስ ውስጥ ፒሪዲን የሚባል ነገር አለበት። ፒሪዲን የስድስት አተሞች ቀለበት ነው፤ አምስቱ ካርቦን፣ አንዱ ናይትሮጂን። በዚህ ቀለበት ጠርዝ ላይ የአሲድ ቅጥያ ሲንጠለጠልበት አንድ ሰፊ ቤተሰብ ይወለዳል። ከቤተሰቡ አንዱ ኒኮቲኒክ አሲድ ነው፤ እርሱ በምግባችን ውስጥ ከታጣ ፔላግራ የሚባለው የቆዳና የአእምሮ ሕመም የሚመጣበት ቪታሚን። እናቶቻችን የሚያሹት አብሽም ሆነ ቡናው በተፈጥሯቸው የዚህ አሲድ የቅርብ ዘመድ አላቸው፤ ቡናው ሲቆላ የተወሰነው ወደ ቪታሚኑ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶኒያዚድም ከዚሁ ቤት የወጣ ነው። ባለውለታ ቤተሰብ ነው፤ ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱ ለአባ ሰንጋ አደረ።

ዲፒኮሊኒክ አሲድ ከሌሎቹ የሚለየው ከናይትሮጂኑ ግራና ቀኝ ሁለት የአሲድ ቅጥያዎች ስላሉት ነው። በአንጥረኛ ቤት ጉጠት ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ከመሐል ናይትሮጂኑ፣ ከግራና ከቀኝ ሁለቱ ቅጥያዎች ሆነው ባለ ሦስት ጥርስ ጉጠት ይሠራሉ። ጉጠቱ ብረት ነክ ንጥረ ነገር ሲያገኝ በሦስቱም ጥርሱ ጨብጦ ይይዛል። በስፖሩ ውስጥ የሚይዘው ካልሲየም ነው፤ ኖራና አጥንት የተሠሩበት ያው ካልሲየም።

ጉጠቱ ካልሲየሙን ይዞ የስፖሩን እምብርት ሲሞላው፣ በዚያ ይኖር የነበረው አብዛኛው ውኃ ይወጣል። ገበሬ እህሉን ሳያደርቅ ጎተራ እንደማያስገባ ሁሉ፣ ተሕዋሱም ውርሱን የያዘውን ዘር እርጥበት ባነሰበት ስፍራ ያኖረዋል። ሙቀት ቢመጣ የሚቀቅል ውኃ እምብዛም የለም፤ ድርቀትም ቢበረታ ዘሩ አይሰባበርም። ስፖሩ ደም ውስጥ ገብቶ ሊነቃ ሲል ደግሞ ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ይህንኑ የካልሲየም ውህድ ወደ ውጭ አውጥቶ ውኃን ማስገባት ነው።

በብርሃን ማንኳኳት

ኬሚስቶቹ ይህን ሁሉ በዓይን ሳያዩ እንዴት አወቁት? ገበያ ወጥቶ ማድጋ የሚገዛ ሰው በጣቱ አንኳኩቶ፣ ከድምፁ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩን ይለያል። እነርሱም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ የሚያንኳኩት ግን በብርሃን ነው። ጥበቡ ስፔክትሮስኮፒ ይባላል። በአንድ ውህድ ላይ ብርሃን ሲያርፍበት የአተሞቹን እስራት እንደ ክራር ክር ይነዝረዋል፤ የተመለሰው ብርሃን የዚያን ንዝረት ምልክት ይዞ ይመጣል። አንዱን ዓይነት የፈለሰፈው ሕንዳዊው ራማን ነው፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1930 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በእርሱ ዘዴ ስፖር ሲመረመር፣ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የካልሲየሙና የጉጠቱ ድምፅ ነው።

ከዚህም የሚያስደንቅ ዘዴ አለ። ቴርቢየም የተባለ ብረት አለ፤ ስሙን ያገኘው ኢተርቢ ከምትባል የስዊድን መንደር ነው። ለብቻው ሲሆን ብርሃኑ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጉጠቱን ሲያገኝ ግን ሦስቱ ዙሪያውን ከብበው በዘጠኝ ጥርስ ይይዙታል። ያኔ ለዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ሲበራበት፣ ቀለበቶቹ ጨረሩን ተቀብለው ለቴርቢየሙ ያቀብሉታል፤ እርሱም አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። እ.ኤ.አ. በ1997 ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ስፖር መኖሩን ማወቅ እንደሚቻል አሳዩ። ከአራት ዓመት በኋላ በአሜሪካ የአባ ሰንጋ ስፖር በደብዳቤ ተልኮ አምስት ሰው ሲገድል፣ እንዲህ ያለው ፈጣን ምርመራ ብዙ ፈላጊ አገኘ።

እርግጥ፣ ዘዴው ልክ አለው። አረንጓዴው ብርሃን «ስፖር አለ» ይላል እንጂ «አባ ሰንጋ ነው» አይልም። ምንም የማይጎዱ የአፈር ተሕዋስያንም ይህንኑ ጉጠት ይዘዋል። ለቁርጡ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል።

ቢላዋውና ጉድጓዱ

አሁን ወደ አያቴ ደጃፍ እንመለስ። በዚያ ምሽት ምን ሆነ?

በከብቱ ደም ውስጥ የሚርመሰመሰው በትሩ እንጂ ስፖሩ አይደለም። በትሩ ደግሞ ደካማ ነው። ከብቱ ሳይከፈት ከሞተ፣ ሬሳው ሲበሰብስ በውስጡ ያሉት አብዛኞቹ በትሮች በጥቂት ቀናት ውስጥ አብረው ይሞታሉ። ወደ ስፖርነት ለመለወጥ አየር ይሻሉ። አየሩን የሚሰጣቸው ማን ነው? ቢላዋው ነው። ደሙ መሬት ላይ በፈሰሰ ጊዜ ተሕዋሱ ጉጠቱን ሠርቶ፣ ካልሲየሙን ጨብጦ፣ ጎተራው ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። አባቶቻችን በክት አይበሉም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህ አንድ ነው። ይህ ሕግ ስንቱን ሰው ከሞት እንዳተረፈ እግዜር ይወቀው። ነገር ግን ድኅነት ከሕጉ ጎን ቀዳዳ አበጀ፤ «ሳይበክት ባርከው» የሚል። ሕጉ እንደ ቃሉ ተጠበቀ፤ ደሙ ግን ፈሰሰ። በአያቴ አልፈርድም። ወይፈን መግዣ የሌለው ሰው ስለ ስፖር ቢነገረው እንኳ የሚመርጠውን ለማወቅ አስቸጋሪ አይደለም። የጥማዱ እኩሌታ የወደቀበትን ገበሬ «ቅበረው» ማለት ቀላል ነው፤ የሚከብደው ከቀበረው በኋላ በምን እንደሚያርስ መመለስ ነው።

ክትባቱስ? አለ። ማክስ ስተርን የተባለ የእንስሳት ሐኪም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የፈለሰፈው ክትባት እስከ ዛሬ በዓለም ይሠራበታል፤ በእኛም አገር ቢሾፍቱ የሚገኘው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ያመርተዋል። ግን በየዓመቱ መደገም አለበት፤ ከብቱን ይጠብቃል እንጂ መሬቱን አያጸዳም። ደስታን ያጠፋው መንገድ አባ ሰንጋን የማያጠፋው ለዚህ ነው።

መሬት ማጽዳት ምን እንደሚጠይቅ ለማወቅ የግሩናርድን ታሪክ ማየት ይበቃል። በስኮትላንድ ጠረፍ አጠገብ ያለች፣ በእኛ ልኬት አምስት ጋሻ የምታህል ደሴት ናት። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1942 እና በ1943 አባ ሰንጋን የጦር መሣሪያ ሊያደርጉት በበጎች ላይ ሞከሩባት። ሙከራውን ያካሄደው የፖርተን ዳውን ጣቢያ ነው፤ ጆአን ፓውል በኋላ ጉጠቱን ያገኘችበት። ደሴቲቱ ከአርባ ዓመት በላይ ሰው እንዳይረግጣት ተከለከለ። እ.ኤ.አ. በ1986፣ 280 ቶን ፎርማልዴሃይድ በባሕር ውኃ ተበጥብጦ ረጩባት። «ነጻ ናት» የተባለችው በ1990 ነው። አምስት ጋሻ ለማጽዳት ይህን ያህል ከፈጀ፣ የጎጃምን ደጋ ማን ያጸዳዋል?

ስለዚህ ቀሪው ብልሃት የገበሬው እጅ ላይ ነው፤ አለመክፈት፣ ማቃጠል፣ ካልሆነም አጥልቆ መቅበር። ብዙ ሰው በመቃብሩ ላይ ኖራ መነስነስ ይመክራል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ ይህን አይደግፍም፤ ካልሲየም ስፖሩን ሊያቆየው ይችላልና። ለጠላት ምሽግ ድንጋይ እንደ ማቀበል ነው። ቀጥሎ የሚያስፈልገው ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው፤ ቦታውን መመዝገብ። የትኛው ቀበሌ፣ የትኛው ማሳ፣ በየትኛው ዓመት። አጥር ይበሰብሳል፤ ሽማግሌ ያልፋል፤ ስፖሩ ግን ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሩሲያ ያማል ምድር በረዶው ሲቀልጥ ከ75 ዓመት በኋላ አባ ሰንጋ ተነሥቶ ከሁለት ሺህ በላይ አጋዘንና አንድ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ገድሏል። በዚያ መስክ ሰባ አምስት ዓመት ሙሉ የሚያስታውስ የነበረው ስፖሩ ብቻ ነው።

በቅርቡ ወደዚያች መንደር ሄጄ ነበር። አያቴ ካረፉ ቆይተዋል። የእሾህ አጥሩ የለም፤ መቼ እንደፈረሰም ያስተዋለ የለም። አጎቴን ጠባሳውን አሳይቶኝ ሲያበቃ «ቦራ የታረደው የት ነበር?» አልሁት። በእጁ አመለከተኝ። አክስቴን ጠየቅኋት፤ ሌላ ቦታ አሳየችኝ። በዚያን ዕለት ሥጋ የደረሳቸውን ጎረቤት ጠየቅሁ፤ እርሳቸውም ወደ ሦስተኛ ቦታ ጠቆሙኝ።

ክረምቱ ገብቶ ሣሩ ለምልሟል። ጥጆቹ በሦስቱም ቦታ ይግጡ ነበር።